የበቅሎዋ ምስክር

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ንጹሕ ሰው ከእስር አዳንኩ። ቢያንስ እንደዚያ ብዬ አምን ነበር። አምኜም ዝም አላልኩም፤ ለሃያ ስድስት የትምህርት ቤት ልጆች አውርቻለሁ። ሃያ ስድስት መሆናቸውን የማውቀው ስለቆጠርኳቸው ነው። ያየሁትን ሁሉ የመቁጠር አባዜ ነበረብኝ። ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የገብስ ዘር እመረምራለሁ፣ ከመቶው ፍሬ ስንቱ እንደበቀለ ቆጥሬ እጽፋለሁ። ሰው የልጅነት በሽታውን መተዳደሪያ ካደረገው ሙያ ይባልለታል።

የምንኖረው አልዩ አምባ ነበር፤ ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ፣ ብርዱ አልቆ ሙቀቱ ከሚጀምርበት። አባቴ ኪዳነ ማርያም የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ብቻ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውት ነበር። እቤትም ዳኛ ነው። ማሰሮ የተሰበረ እንደሆነ አጠገቡ ያቆመኝና፣ "ወለቴ፣ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ" ይለኛል። ምክሩን እንደዚያ አጥብቃ የምትይዝ ልጅ እንደሰጠው አላወቀም፣ ምስኪን።

የሦስተኛ ክፍል መምህራችን ደግሞ የደመና መመዝገቢያ ደብተር እንድንይዝ አዘዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ የደመናው መልክ። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲያልቅብኝ ወደ ሰው ዞርኩ። ማን በየት አለፈ፣ ምን ለብሶ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት። ሰዓት አልነበረኝም፤ የምጽፈው በጥላ ለክቼ ነው።

በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም.፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ "እትዬ ዙቤዳ ዛሬ ሸሪፍን አገባች" ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ዙቤዳ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ የምትነግድ፣ ድምጿ ከአጥር የማያልፍ ሴት። ሸሪፍ ከቆላ ጨውና ሽርጥ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ የሁሉ ወዳጅ። ያን ዕለት እትዬ ዙቤዳ ገበያተኛውን እየገፋች ሄደችና ፊቱ ቆመች።

"በሕግ አምላክ!" አለች።

ሸሪፍ የሚሰፍረውን ጨው እንደያዘ ቀረ። እሷም የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ደግማ ቋጠረችው።

"ዙቤዳ፣ ምን ነካሽ? ሰው እያየሽ እኮ ነው!"

"ይየኝ። ዳኛ ፊት ሳንቆም አይፈታም።"

"ኧረ ይሄ የአያቶቻችን ነገር ነው! አሁን መጥሪያ አለ፣ ማኅተም አለ..."

"ማኅተሙ ያለው እናንተ ጋ ነው። እኔ ያለኝ ነጠላ ነው።"

ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንደዚያ በልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዱ እንደነበር ከፍ ካልኩ በኋላ ተነገረኝ። ያን ጊዜ ግን ወንድና ሴት ልብሳቸው ተያይዞ፣ ሕዝብ ከኋላ ሲከተላቸው ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የአጎቴ ሠርግ ላይ። ስለዚህ እልል አልኩ። ብቻዬን። ጎረቤታችን ሸማኔው ኃይለ ገብርኤል ዞሮ አየኝ።

"ዝም በይ አንቺ ቀውስ! እዚህ ምን የሚያስቅ አየሽ?"

እኔ እንኳ አልሳቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እትዬ ዙቤዳ ልጇ ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ናትና።

ማታ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሠርግ አለመሆኑን ሰማሁ። ክሱ የበቅሎ ነው። ሸሪፍ የእትዬ ዙቤዳን በቅሎ ከግጦሽ ፈትቶ ሰርቋል፤ ሸንጎው ከሦስት ቀን በኋላ ይሰማል። ደብተሬን አወጣሁና ገለጥኩ። መስከረም ላይ ደረስኩ። በቅሎዋ አልተሰረቀችም። እኔ አይቻለሁ።

ማክሰኞ መስከረም 23 ቀን ነው። ከወንዙ መሻገሪያ በላይ ካለው ሾላ ሥር የወደቀ ፍሬ ስቆጥር፣ የእትዬ ዙቤዳ ልጅ ፈረጅ በቅሎዋን እየሳበ መጣ። ሸሪፍ ይጠብቀው ነበር። ፈረጅ ልጓሙን ሰጠው፤ ተነጋገሩ፤ ሁለት የማላውቃቸው ልጆች ከቁጥቋጦው ወጡና አራቱም ወደ ቆላ ወረዱ። ለእናቱ ወደ አንኮበር ወፍጮ እሄዳለሁ ብሏት እንደወጣ፣ በቅሎዋም የመንገዱ ዋጋ እንደሆነች አላውቅም ነበር። ወታደራዊ ግዳጅ የሚሉት ሕግ ወጥቶ የወጣቶች ስም ሊመዘገብ ጥቂት ቀን ቀርቶት እንደነበርም አላውቅም። እኔ የማውቀው የሾላውን ፍሬ ብዛት ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

የሰማሁትም ነገር ነበር። ሠርግ ካልኩት ቀን በፊት በነበረው ሳምንት አብዱልሀሚድ የሚባል፣ ከፈረጅ ጋር በጀልባ የነበረ የቆላ ልጅ መጥቶ እትዬ ዙቤዳ ጓዳ ተደብቆ ነበር። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ጆሮዬን ጭቃው ላይ ለጠፍኩ።

"...የባሕር ጠባቂዎች መብራት ሲያይ ባለጀልባው 'ውረዱ' አለን።"

"የት ነው የሚወረደው ልጄ? መሬት አለ?"

"የለም እትዬ። ውሃ ነው። በዱላ እየመታ አወረደን። እኔ የጀሪካን እጀታ ይዤ ነው... ፈረጅ ዋና አይችልም።"

"ሸሪፍ ያውቅ ነበር?"

"ወላሂ ያውቃል። አምናም የዚሁ ባለጀልባ ተሳፋሪዎች እንደዚሁ ቀርተዋል። እየነገሩት ነው እኛን የሰጠው።"

እኔም "ውረዱ" የሚለውን አውቀዋለሁ። አጎቴ ከደሴ ሲመጣ መኪናው ጣርማ በርን መውጣት አቅቶት ተሳፋሪውን ሁሉ አውርደው፣ በእግሩ ሲወጣ ከዳገቱ ጫፍ ጠብቀውታል። ጀልባውም እንደዚያው ከብዶት ይሆናል፤ ቀለል ሲለው ያሳፍራቸዋል። ባሕር ዳገት እንደሌለው ማን ይንገረኝ? ደብተሬ ላይ "ፈረጅ በጀልባ ሲሄድ መንገድ ላይ ወርዷል" ብዬ መዘገብኩ።

ሸንጎው የተቀመጠው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደተንሣኤ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሽጉጡን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ወገቡን ስለሚያመው ነው ይባል ነበር። እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥያለሁ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ የበቅሎ አለመሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። ልጅ ከግዳጅ ኮበለለ ከተባለ እናት ትታሰራለች። ስለዚህ ልጄ ባሕር ላይ ሞተ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው ሸሪፍ ለልጁ በበቅሎዋ ስም ይቀጣ ብለዋል። ኃይለ ገብርኤል በሐሰት ሊመሰክር ተስማምቷል። አባቴም፣ ያ ስለተሰበረ ማሰሮ በእውነት የሚያስምለኝ አባቴ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሊፈርድ ተስማምቷል። ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ነው የመጣው። እኔ ሆዱን ያመመው መስሎኝ ነበር።

"በቅሎዋን ሸሪፍ ከግጦሽ ሲፈታት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ" አለ ኃይለ ገብርኤል።

"መቼ?" አለ አባቴ፤ ቀና ሳይል እየጻፈ።

"መስከረም ሃያ ሦስት፣ ጠዋት።"

ጣቴን አወጣሁ። እንደ ክፍል ውስጥ ነው ያወጣሁት። ማንም ሳያየኝ ሲቀር፣ "አባባ! ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ተሳስቷል!" አልኩ።

አባቴ ብዕሩን አቆመ። "ወለተ ጊዮርጊስ፣ እቤት ግቢ።"

ሙሉ ስሜን ሲጠራ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ግን ጓድ ወልደተንሣኤ እጁን አነሳ።

"ተዋት እንጂ፣ ጓድ ኪዳነ። ልጅ አይዋሽም። ግቢ ሚጢጢዬ፣ ነይ።"

ገባሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሾላውን አነበብኩ፤ ፈረጅ በገዛ እጁ ልጓሙን እንደሰጠው አነበብኩ። "ስለዚህ ሸሪፍ አልሰረቃትም" ብዬ ጨረስኩና ጭብጨባ ጠበቅሁ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሸሪፍ። "ከሕጻን አፍ ነው እውነት የሚ..." ካለ በኋላ የሰማው ነገር ገባው መሰለኝ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሽጉጥ መለሰ።

"ፈረጅ?" አለ ወልደተንሣኤ ወደ እትዬ ዙቤዳ ዞሮ። "ፈረጅ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብለሽ አይደል ያስመዘገብሽው? በየት በኩል ነው በቆላ አዲስ አበባ የሚኬደው?"

"የቀረበው ክስ የበቅሎ ነው" አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። "ሌላው ነገር ከክሱ ውጭ..."

"ጋሽ ኪዳነ፣ ተወው በቃ" አለች እትዬ ዙቤዳ።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ልጄ ባሕር ውስጥ ነው ያለው። ይሄ ሰው አሻግርሃለሁ ብሎ ወስዶ፣ አምና ሰው ባሕር ላይ ለጣለ ባለጀልባ ሰጠው። እያወቀ። እኔን ልታስሩኝ ትችላላችሁ። ግን እሱን ጠይቁልኝ። በበቅሎ ሳይሆን በልጄ ጠይቁልኝ።"

ሁለቱንም አሰሯቸው። አባቴ እቤት ሲገባ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሬን ከእጄ ወሰደና ምድጃ ውስጥ ከተተው። ያ ደብተር የአሥራ ሁለት ወጣቶችን አወጣጥ ከነቀኑ ይዞ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ጀርባዬን ይበርደኛል። ያን ጊዜ ግን የገባኝ ሌላ ነው፤ ማየት ወንጀል ነው ማለት ነው። ከእንግዲህ አላይም ብዬ ቆረጥኩ። እንደ ሌላው ነገሬ ሁሉ ይህንንም በጥንቃቄ ያዝኩት።

የካቲት ላይ ጉዳዩ ደብረ ብርሃን ተሰማ። እኔም ተጠራሁ። ከአባቴ ጋር አንኮበር ድረስ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል። ዳኛው ፈርታ ነው ብለው አዘኑልኝ።

በመጀመሪያ እትዬ ዙቤዳን ጠየቋት።

"ልጅሽ የት ሞተ ነው የምትዪው?"

"ከኦቦክ ወደብ ወዲያ፣ ባሕሩ ላይ።"

"ያ ከዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣን ውጭ ነው።"

"ታዲያ የማን ሥልጣን ነው ጌታዬ?"

ዳኛው ወረቀታቸውን አገላበጡ። "የቀረበው ክስ ከብሔራዊ ግዳጅ ማስኮብለል ነው። ስለ ባሕሩ አልተጠየቅሽም።"

እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አሰብኩ፤ ባሕሩ የእኛ የተጉለትና ቡልጋ ካልሆነ የይፋት አውራጃ ይሆናላ። ለምን እዚያ አትሄድም? እስከ ዛሬ ጥያቄዋን የመለሰ ዳኛ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ሸሪፍ ፈረጅን ጨርሶ እንደማያውቀው፣ በቅሎዋንም ከማያውቀው ሰው ገበያ ላይ እንደገዛት ተናገረ። አብዱልሀሚድ ተሰውሯል። የሌሎቹ ሁለት ልጆች እናቶች ትንፍሽ አላሉም። ፈረጅን ከሸሪፍ ጋር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ልጓሙን ሲሰጠው አይተሻል?" አሉኝ ዳኛው፤ ለስለስ ብለው።

አባቴን አየሁት። እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ በዓይኑ ይለምነኛል። እኔ ደግሞ ልመናውን ተረድቼዋለሁ፤ አደራ እንዳትናገሪ ነው የሚለኝ። ትምህርቴን ተቀብያለሁ።

"አላየሁም፣ ጓድ ዳኛ።"

"በሸንጎው አይቻለሁ ብለሽ አልነበር?"

"ደመና ነው ያየሁት።"

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዕፎይ ማለቱ መሰለኝ።

ሸሪፍ ተለቀቀ። እትዬ ዙቤዳ ልጇ መኮብለሉን እያወቀች በመደበቋ ሰባት ወር ተፈረደባት። አንድ ሰው የእውነት ቀን ዋሽቶ፣ የውሸት ቀን እውነት ለመናገር ምን ያህል ጎበዝ መሆን እንዳለበት የማውቅ ይመስለኛል። ሸሪፍ አልዩ አምባ እንደተመለሰ ጠርቶ አሥራ አንድ ተምር ሰጠኝ። በላኋቸው። ጣፋጭ ነበሩ። ለሃያ ስድስቱ ልጆች ያወራሁት ያኔ ነው፤ የደብረ ብርሃኑን ዘልዬ።

እትዬ ዙቤዳ መስከረም ውስጥ ተፈታች። ፀጉሯ ነጥቷል። በቀጥታ ወደኛ ቤት መጣች። አባቴ ብድግ አለ።

"ጋሽ ኪዳነ፣ ለገበያው ቀን ልጅህን አውሰኝ" አለችው።

"ውሰጃት" አለ።

በርበሬ ልታሸክመኝ መስሎኝ ቁና ይዤ ወጣሁ። እሷ ግን እጄን ይዛ ሸሪፍ ፊት አቆመችኝ።

"ንገሪው።"

"ምኑን?"

"ደብተርሽ ላይ የነበረውን።"

"ደብተሩ ተቃጥሏል።"

"አንቺ ደግሞ ደብተር ያስፈልግሻል?"

እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ምስጋና ከማንም አልሰማሁም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ማክሰኞ መስከረም ሃያ ሦስት ቀን ሰባ ስድስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም፣ ሾላው ሥር። ፈረጅ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ልጓሙን በቀኝ እጁ ሰጠህ። 'በቅሎዋ የእናቴ ናት፤ ሰውነቷን እንዳትጎዳ' አለህ። አንተም 'አታስብ፣ እንደ ልጄ ነው የማሻግርህ' አልከው። በቅሎዋን ግንባሯ ላይ ሳማት። ሲወርዱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ከተማው አየ።"

ሸሪፍ ሳቀ። "ኧረ ይቺ ልጅ! ተምር ትወጃለሽ አይደል?"

እትዬ ዙቤዳ ከኋላዬ ቆማ ፊቱን ብቻ ታያለች። ጨው ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች የያዙትን መልሰው አስቀመጡ።

በሚቀጥለው ገበያ ደገምን። የንባብ ውድድር መሰለኝ፤ ስለዚህ ተለማመድኩ። በሦስተኛው ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ የእጅ እንቅስቃሴም ጨመርኩበት፤ ልጓም ሲሰጥ እጄን እዘረጋለሁ፣ ዞሮ ሲያይ እዞራለሁ። በአራተኛው ሁለት እናቶች መጥተው ከእትዬ ዙቤዳ ግራና ቀኝ ቆሙ። አንባቢነቴ ዝና አገኘ አልኩ። በአምስተኛው ጓድ ወልደተንሣኤ መጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የትምህርት ቤት ጥናት ነው፣ ጓድ" አለ ኃይለ ገብርኤል።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ጥናት አይከለከልም" ብሎ ሄደ። ከሦስቱ ልጆች አንዱ የአክስቱ ልጅ እንደነበር ያወቅሁት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በስድስተኛው ገበያ ሸሪፍ አልሳቀም፤ ጨውም አልሸጠም። እኔ ስናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

በሰባተኛው ቦታው ባዶ ነው። ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደ ተባለ። አልታሰረም። ባለጀልባውንም የጠየቀው የለም። አልዩ አምባ ላይ ግን ከእንግዲህ ልጁን የሚሰጠው አልነበረም።

እኔ ከፍቶኝ ነበር። ለዚያ ቀን የበቅሎዋንም መሳም በእጅ አዘጋጅቼ መጥቻለሁ።

"ታዲያ ለማን ልናገር?" አልኩ።

እትዬ ዙቤዳ የፈሰሰ ጨው ከቀረበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ጉልበቷን ይዛ።

"ለኔ ንገሪኝ" አለች። "ስድስቱንም ጊዜ የሱን ፊት ሳይ ነው የከረምኩት። ልጄን አንዴም አላየሁትም። ከሸሚዙ ጀምሪ።"

እጄን አነሳሁ።

"እጅሽን ተይው ልጄ" አለችኝ። "እንዲሁ ንገሪኝ።"

እጆቼን አወረድኩና ጀመርኩ።